ቃር ሲቆይ፦ የምግብ ቧንቧ ሽፋን ለውጥ ከካንሰር ጋር የሚገናኘው የት ላይ ነው?

ቃር ለዓመታት የቆየበት ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ስህተቶች በአንዱ ይወድቃል። አንዱ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ እየገዛ፣ ሲያመው እየዋጠ፣ ሳይመረመር ዓመታት ይገፋል። ሌላው ኢንዶስኮፒ (በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ተደርጎለት የውጤቱ ወረቀት ላይ «ባሬት» የሚል ቃል ሲያነብ ካንሰር እንደያዘው ቆጥሮ እንቅልፍ ያጣል። ሁለቱንም የሚያሳስታቸው አንድ ነገር ነው፤ አሲድ የምግብ ቧንቧ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ለውጡም የት ድረስ እንደሚሄድ በግልጽ የነገራቸው የለም።

የምግብ ቧንቧ ወይም ኢሶፋገስ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የጡንቻ ቱቦ ነው። ውስጡ ልክ እንደ አፋችን ውስጥ በብዙ ድርብርብ ጠፍጣፋ ሴሎች ተሸፍኗል። ይህ ሽፋን መፋተግን ይችላል፤ በደንብ ያልታኘከ ቆሎ ወይም የደረቀ ዳቦ ቢያልፍበት ብዙም አይጎዳም። የማይችለው አሲድን ነው። ጨጓራ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ1 እስከ 2 የሚደርስ ኃይለኛ አሲድ እያመነጨ ራሱን የማያቃጥለው ወፍራም ንፍጥና አሲድ የሚያረክስ ቤካርቦኔት ግድግዳውን ስለሚሸፍኑለት ነው። የምግብ ቧንቧ እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል። ምራቅና የቧንቧው መኮማተር የተመለሰውን አሲድ ጠርገው ወደ ታች ካላወረዱለት በቀር ይቃጠላል።

በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው ጡንቻ ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፣ ሲያልፍ ይዘጋል። ሥራውን ብቻውን አይሠራም፤ ሆድንና ደረትን የሚለየው ድያፍራም ዙሪያውን ይዞ ያጠብቅለታል። ጨጓራ በምግብ ሲለጠጥ ግሳት እንዲወጣ ጡንቻው ለጥቂት ሰከንዶች ይላላል። ጤነኛ ሰው ላይም ከምግብ በኋላ ትንሽ አሲድ የሚመለሰው በዚህ ሰዓት ነው። ችግር የሚሆነው መላላቱ ሲበዛ፣ የጨጓራው ላይኛ ክፍል በድያፍራሙ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረት ሲወጣ፣ ወይም ቦርጭ ከታች ጨጓራን ሲጫነው ነው። ሾልኮ የወጣውን ሐኪሞች ሃያታል ሄርኒያ ይሉታል። ሙሉ ቀን በሚወስደው የአሲድ ልኬት፣ የቧንቧው ፒኤች ከ4 በታች የቆየበት ጊዜ ከ6 በመቶ ካለፈ ሪፍለክስ (የአሲድ ወደ ላይ መመለስ) መኖሩ ይረጋገጣል፤ ከ4 በመቶ በታች ከሆነ ጤናማ ነው።

አሲዱ ሽፋኑን ሲበላው መጀመሪያ የሚታየው መላጥና መቁሰል ነው። ሐኪሞች በሎስ አንጀለስ ምደባ ከኤ እስከ ዲ ደረጃ ይሰጡታል። ኤ ከ5 ሚሊ ሜትር ያልረዘመ ጭረት ሲሆን ዲ የቧንቧውን ዙሪያ 75 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘ ቁስል ነው። ወረቀቱ ላይ ሲ ወይም ዲ የተጻፈለት ሰው ከ8 እስከ 12 ሳምንት መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ኢንዶስኮፒው ሊደገምለት ይገባል። ቁስሉ ከሥሩ ያለውን የሴል ለውጥ ይደብቃል፤ የሚታየው እብጠቱና መቅላቱ ሲጠፋ ብቻ ነው። በተግባር ግን ይህ ድጋሚ ምርመራ ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ሕመሙ ስለተሻለው ሰውየው አይመለስም፣ ጠርቶ የሚያስታውሰውም የለም።

አብዛኛው ሰው ላይ የተላጠው ቦታ በራሱ ዓይነት ሴል ተተክቶ ይድናል። ጥቂቶች ላይ ግን ጠፍጣፋው ሴል ይቀርና አንጀት ውስጥ የሚገኘውን የመሰለ፣ ቁመታምና ንፍጥ የሚያመነጭ ሴል ይተካዋል። ባሬት ኢሶፋገስ የሚባለው ይህ ነው። ስሙ የአውስትራሊያ ተወላጅ ከሆነውና ለንደን ውስጥ ይሠራ ከነበረው ቀዶ ሐኪም ከኖርማን ባሬት የመጣ ነው። ባሬት እ.ኤ.አ. በ1950 ስለዚህ ሽፋን ሲጽፍ ወደ ደረት የተሳበ ጨጓራ ነው ብሎ ነበር። ቦታው ራሱ የምግብ ቧንቧ መሆኑን አሊሰንና ጆንስቶን የተባሉ ሐኪሞች በ1953 አሳዩ፤ ባሬትም በ1957 ተቀበለ። በካሜራ ሲታይ ጤነኛው ሽፋን ነጣ ያለ ሮዝ ነው፤ የተለወጠው ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ ይሆንና ከጨጓራው ድንበር ወደ ላይ እንደ ምላስ ሾጠጥ ብሎ ወይም ዙሪያውን ይዞ ይወጣል። ባሬት ለመባል ለውጡ ከድንበሩ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። በአሜሪካ መመሪያ ደግሞ ከቦታው ተቆርጦ በሚወሰደው ናሙና ላይ ጎብሌት የሚባሉት የአንጀት ሴሎች መታየት አለባቸው። ድንበሩ ትንሽ ወጣ ገባ ስላለ ብቻ «ባሬት ሊሆን ይችላል» ተብሎ የሚጻፍላቸው ሰዎች አሉ፤ ያ ብቻውን ባሬት አይደለም፣ ክትትልም አያስፈልገውም።

አዲሱ ሽፋን አሲድን ከቀድሞው በተሻለ ይቋቋማል፣ ሕመምም ያን ያህል አያስተላልፍም። ስለዚህ ለዓመታት ሲያቃጥለው የኖረ ሰው ቃሩ በራሱ እየቀነሰ ሊሄድና «ዳንኩ» ሊል ይችላል። በአሲድ መንገድ የሚመጣው ካንሰር ከሚገኝባቸው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ተደጋጋሚ ቃር አስታውሰው አያውቁም። የሚያቃጥልበት ኃይል የአደጋው መለኪያ ሆኖ መወሰድ የሌለበት ለዚህ ነው። ሐኪም መጠየቅ ያለበት ስንት ዓመት ቆየ፣ በሳምንት ስንቴ ይመጣል፣ ሌሊት ይቀሰቅሳል ወይ የሚለውን ነው።

ስጋቱ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ስዊድን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ቢያንስ በሳምንት አንዴ የሪፍለክስ ምልክት ያላቸው ሰዎች በአሲድ መንገድ በሚመጣው የምግብ ቧንቧ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ምልክቱ ከሌላቸው በ8 እጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚል አገኘ። 8 እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል፤ ነገር ግን መነሻው በጣም ትንሽ ቁጥር ነው። ዴንማርክ ውስጥ ከ11 ሺህ በላይ ባሬት ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት በዓመት ወደ ካንሰር የሚሄደው 0.12 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳየ፤ ማለትም ከ1,000 ሰው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሰው። ባሬት ያለበት አብዛኛው ሰው የሚሞተው በሌላ ምክንያት ነው። ይህን ቁጥር ውጤቱን የሚያስረዳ ሐኪም ሁሉ ጮክ ብሎ ሊናገረው ይገባል።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ልዩነት አለ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። በአሲድና በባሬት መንገድ የሚመጣው አዴኖካርሲኖማ ነው፤ የሚበቅለው አብዛኛውን ጊዜ ከታች፣ ጨጓራው አጠገብ ሲሆን በብዛት የሚታየውም በምዕራብ አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው። ሌላው ከራሱ ከጠፍጣፋው ሴል የሚነሳው ስኳመስ ካንሰር ነው፤ ከቃር ጋር ግንኙነት የለውም። ከኢትዮጵያ ተነስቶ በምሥራቅ አፍሪካ ወርዶ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቀው አካባቢ በብዛት የሚገኘው ይህኛው ነው። በአገራችን ከአርሲና ከባሌ የሚመጡ ሕሙማን ቁጥር ጎላ ብሎ መታየቱ ሐኪሞችን ለዓመታት ሲያሳስብ ቆይቷል። በዚህ የአፍሪካ ክፍል የተደረጉ ጥናቶች በጣም ትኩስ መጠጥና ገንፎን፣ የቤት ውስጥ ጭስን፣ የአፍ ንጽሕና ጉድለትን፣ ትምባሆንና አልኮልን ይጠረጥራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የሚገመት» ብሎ መድቦታል። ጥፋቱ የሙቀቱ ነው፤ ቡናውም ሆነ ሻዩ ራሱ አልተከሰሰም። ከጀበና ወዲያው የተቀዳ ቡና ከዚህ መጠን ሊያልፍ ስለሚችል ሲኒው ላይ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ዋጋ የማያስከፍል ጥንቃቄ ነው።

ይህ ልዩነት በተግባር ሁለት ነገር ይለውጣል። ቃር ያለበት ኢትዮጵያዊ «ይህ ነገር ወደ ካንሰር ሊሄድብኝ ነው» ብሎ ከሚፈራው ይልቅ የእሱ ስጋት ዝቅ ያለ ነው። በሌላ በኩል ቃር ኖሮበት የማያውቅ ሰው ምግብ ሲይዘው «ጨጓራ የለብኝም፣ ምንም አይሆንም» ማለት አይችልም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሕይወት የሚጠፋው። በመጀመሪያ እንጀራና ሥጋ ሲዋጥ ደረት ላይ ቆም ይላል፤ ሰውየው በውሃ ያወርደዋል። ከወር በኋላ ፍርፍርና ገንፎ መምረጥ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ሾርባና ወተት ብቻ ይቀረዋል፣ ልብሱም ይሰፋዋል። ሆስፒታል የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው፤ የቧንቧው ቀዳዳ በአብዛኛው ተዘግቷል፣ ቀዶ ጥገናም ብዙ ጊዜ አልፎበታል። ጠጣር ምግብ መያዝ ሲጀምር፣ ሳይፈልጉት ክብደት ሲቀንስ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ሲመጣ፣ መዋጥ ሲያም ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ሲገኝ በኦሜፕራዞል መሞከር ተገቢ አይደለም። ኢንዶስኮፒ በሳምንታት ውስጥ ያስፈልጋል፤ ደም ማስታወክ ደግሞ በዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል የሚያስገባ ነው። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድና ከላብ ጋር የሚመጣ ሕመምም ልብ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ቃር መባል የለበትም።

ሌላው ሁልጊዜ ከቃር ጋር የሚቀላቀለው ኤች ፓይሎሪ ነው። ይህ ባክቴሪያ የጨጓራ ቁስለትንና የጨጓራ ካንሰርን ያመጣል፤ ቃርን ግን በአብዛኛው አያመጣም። እንዲያውም ባክቴሪያው ባለባቸው ሰዎች ላይ ባሬት በመጠኑ አነስ ብሎ ይገኛል። ምክንያቱ ሥር የሰደደው ብግነት የጨጓራን አሲድ የማመንጨት አቅም ስለሚቀንስ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ማለት ባክቴሪያውን ማቆየት ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ ከተገኘ መታከም አለበት። ነገር ግን ለቃር ብሎ የሦስትና የአራት መድኃኒት ሕክምና ደጋግሞ መውሰድ መፍትሔ አይሆንም። በተለይ ለማረጋገጫ የደም ምርመራ መጠቀም ያሳስታል፤ ሰውነት ለመከላከል የሚያመነጨው ፀረ እንግዳ አካል ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ደም ውስጥ ይቆያል። የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ይሻላል። ከዚያ በፊት ኦሜፕራዞልን 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን 4 ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል።

ታዲያ አደገኛ ምልክት ሳይኖረው ለባሬት ብሎ መመርመር ያለበት ማን ነው? የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያው ሥር የሰደደ ሪፍለክስ ኖሮት፣ በዚያ ላይ ከሚከተሉት ቢያንስ ሦስት ለተገኙበት ሰው አንድ ጊዜ ምርመራ ይመክራል፦ ወንድ መሆን፣ ከ50 ዓመት በላይ መሆን፣ ነጭ መሆን፣ ትምባሆ ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ እንዲሁም ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ላይ ባሬት ወይም ይህ ካንሰር መገኘት። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር የ55 ዓመት ኢትዮጵያዊ የዘር መስፈርቱን አያሟላም። ነገር ግን ለዓመታት ቃር ካለበት፣ ወፍራም ከሆነና የሚያጨስ ከሆነ ከዕድሜው ጋር ሦስቱ ሞልተዋል፤ ሐኪሙን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለው። ቁጭ ብሎ የሚሠራ፣ ሌሊት እየነዳ የሚበላና ከሥራ እንደገባ የሚተኛ ሰው ላይ ሪፍለክሱም ቦርጩም አብረው ይመጣሉ።

እንግሊዝ ውስጥ ለዚህ ምርመራ ካሜራ የማይፈልግ መንገድ ሥራ ላይ እየዋለ ነው። በክር የታሰረ እንክብል ይዋጣል፣ ጨጓራ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሟሟና 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ ይከፈታል፤ ነርሷ ክሩን ስትስበው ስፖንጁ ቧንቧውን እየጠረገ ሴሎች ይዞ ይወጣል። ላቦራቶሪው የባሬት ሴሎችን የሚያጋልጠውን ቲኤፍኤፍ3 የሚባል ፕሮቲን ይፈልጋል። ከ13 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት በዚህ መንገድ የተገኘው ባሬት በተለመደው አሠራር ከተገኘው 10 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ኢንዶስኮፒ በጥቂት ከተሞች ብቻ ለሚገኝባቸው አገሮችም በስፖንጅ ሴል የመሰብሰብ ዘዴው ለስኳመስ ካንሰር ትልቅ ተስፋ ያለው ነው።

ኢንዶስኮፒ ተሠርቶ ባሬት ከተገኘ ወረቀቱን ማንበብ መቻል ይጠቅማል። ርዝመቱ በፕራግ መለኪያ ይጻፋል፤ «ሲ4 ኤም5» ማለት ለውጡ ሙሉ ዙሪያውን የያዘው 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍተኛው ጫፍ የደረሰው 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ቀጥሎ የሚታየው የናሙናው ብዛት ነው። ትክክለኛው አሠራር በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ከአራቱም አቅጣጫ አንዳንድ ቁራጭ መውሰድ ነው፤ ለ4 ሴንቲ ሜትር ቢያንስ 8 ቁራጭ ይሆናል። እብጠት ወይም የተለየ ቦታ ከታየ ለብቻው ተወስዶ በሌላ ዕቃ ይላካል። ረጅም ለውጥ ታይቶ ሁለት ቁራጭ ብቻ ተወስዶ «ችግር የለም» ከተባለ ያ ውጤት አያስተማምንም፤ አደገኛው ሴል አንድ ጥግ ላይ ብቻ ሊቀመጥ ይችላል።

ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ የሚፈልገው ዲስፕሌዥያ የሚባለውን፣ ሴሎቹ ወደ ካንሰር ማዘንበላቸውን የሚያሳይ መዛባት ነው። ከሌለና ለውጡ ከ3 ሴንቲ ሜትር ካጠረ ክትትሉ በየ5 ዓመቱ፣ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በየ3 ዓመቱ ነው። በየዓመቱ ኢንዶስኮፒ ማድረግ አያስፈልግም። ዝቅተኛ ደረጃ ዲስፕሌዥያ ከተባለ ግን ከምንም በፊት ስላይዱ (ናሙናው የተቀመጠበት መስታወት) በዚህ ዘርፍ ልምድ ባለው ሁለተኛ ፓቶሎጂስት መነበብ አለበት። ኔዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት እንዲህ የተባሉ ናሙናዎች በባለሙያዎች ሲደገሙ 85 በመቶዎቹ ከዚያ ዝቅ ወዳለ ደረጃ መውረዳቸውን አሳይቷል። ዋናው አሳሳች ብግነት ነው፤ በአሲድ የተቆጣ ሴል ከተዛባ ሴል ጋር ይመሳሰላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ናሙና የሰጠ ሰው ስላይዱን ወይም የሰም ብሎኩን ከላቦራቶሪው ጠይቆ መውሰድ ይችላል፤ ወደ ውጭ አገር ለሕክምና የሚሄድ ሰው ወረቀቱን ብቻ ይዞ ከሄደ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመርበታል።

ዝቅተኛው ደረጃ በሁለት ባለሙያ ከተረጋገጠ፣ ወይም ከፍተኛ ደረጃ ከሆነ፣ የተለወጠው ሽፋን በራዲዮ ሞገድ ሙቀት ይቃጠላል። እብጠት ካለ መጀመሪያ በኢንዶስኮፒ ተቆርጦ ይወጣል። በአውሮፓ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ዝቅተኛ ደረጃ ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ሲከታተል በ3 ዓመት ውስጥ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ወይም ወደ ካንሰር የሄዱት ካልታከሙት 26.5 በመቶ፣ ከታከሙት 1.5 በመቶ ነበሩ። ከማቃጠሉ በኋላ ጥቂቶች ላይ ቧንቧው ይጠብና በፊኛ መለጠጥ ያስፈልገዋል። ክትትሉም አይቋረጥም፤ የተደመሰሰው ሽፋን ሊመለስ ይችላል።

ባሬት ላለበት ሰው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ቢያንስ በቀን አንዴ መውሰድ ይመከራል፣ ባያቃጥለውም ጭምር። ከብሪታንያና ከካናዳ 2,557 ሰዎችን ወደ 9 ዓመት ገደማ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት የኦሜፕራዞል ዘመድ የሆነውን ኢሶሜፕራዞል 40 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ የወሰዱት በቀን አንዴ 20 ሚሊ ግራም ከወሰዱት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው፣ አስፒሪን ሲጨመርም ጥቅሙ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይህ ግን አስፒሪን ከራስ ገዝቶ ለመጀመር ፈቃድ አይደለም፤ የጨጓራ ደም መፍሰስን ያመጣል። ሪፍለክስን በቀዶ ጥገና ማሰር ቃርን በደንብ ያስቆማል፣ ካንሰርን በመከላከል ግን ከመድኃኒቱ መብለጡ አልታየም።

ኦሜፕራዞልን ብዙ ሰው ሲያመው ይውጠዋል። እንደ ራስ ምታት ክኒን የሚሠራ አይደለም፤ አሲድ የሚረጩትን ፓምፖች የሚዘጋው በምግብ ሲቀሰቀሱ ነው። ስለዚህ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በባዶ ሆድ መዋጥ አለበት፣ ሙሉ ኃይሉ የሚመጣውም ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። እንክብሉ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ከአሲድ የሚከላከል ልባስ ስላላቸው መታኘክም መፈጨትም የለባቸውም። «አልሠራልኝም» ከሚሉት ብዙዎቹ ከምግብ በኋላ ወይም ሲተኙ የሚወስዱት ናቸው። በጾም ወቅት ሰዓቱ ወደሚፈታበት ይዛወራል፦ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ማዕዱ ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው በውሃ ይወስዳል፤ በረመዳን በተምርና ውሃ አፍጥሮ መድኃኒቱን ወስዶ መግሪብ ሰግዶ ዋናውን ምግብ ከ30 ደቂቃ በኋላ መብላት ይቻላል። ከሱሁር በኋላ ወዲያው መተኛት፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ ሆድ እስኪወጠር በልቶ መጋደም የአሲዱን መመለስ ያባብሳል።

ከመድኃኒቱ ጋር የሚሠሩ ጥቂት ነገሮች አሉ። ከመኝታ በፊት 3 ሰዓት አለመብላት፤ በግራ ጎን መተኛት፤ የአልጋውን የራስጌ እግሮች በእንጨት ወይም በብሎኬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ማንሳት። ትራስ መደራረብ አይተካውም፣ ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጫን ያባብሳል። ክብደት መቀነስ ከሁሉም ይበልጣል። ስለ በርበሬ፣ ቡናና ቲማቲም ሁሉንም ሰው መከልከል ግን አያስፈልግም፤ የሚቀሰቅስበትን ራሱ አይቶ ይተው። ወተት፣ ተልባና አብሽ ለጊዜው ያለሰልሳሉ፤ የላላውን ጡንቻ አያጠብቁም፣ የተለወጠ ሽፋንም አይመልሱም።

ባሬትም ከባድ ቁስልም የሌለበት ሰው ከ8 ሳምንት ሕክምና በኋላ መድኃኒቱን ማቆም መሞከር ይችላል። በድንገት ሲያቆም ግን ታፍኖ የቆየው አሲድ ለተወሰኑ ሳምንታት ከቀድሞው በላይ ይመነጫል፤ ብዙዎች ይህን «በሽታው ተመለሰ» ብለው ዕድሜ ልክ ወደ መዋጥ ይመለሳሉ። መጠኑን ወደ ግማሽ፣ ከዚያ ቀን እያሳለፉ አሳንሶ፣ መሃል ላይ ለሚመጣው ቃር ፀረ አሲድ ሽሮፕ እየተጠቀሙ ማቆም ይሻላል። ለዓመታት መቀጠል ያለበት ሰው አልፎ አልፎ የቢ12 እና የማግኒዥየም መጠኑን ቢያስለካ ጥሩ ነው። ባሬት የተረጋገጠበት፣ ሲ ወይም ዲ ደረጃ ቁስል የነበረበት፣ ወይም ጨጓራው ደምቶ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ማቋረጥ ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረውም።